ጠላው ጠንክሮ ሲወጣ

ጠላ ጠንክሮ ከወጣ ይድናል። ከኮመጠጠ፣ ከሻገተ ወይም ጭስ ከበዛበት ጠላ ጋር ሲተያይ እንዲያውም ቀላሉ ችግር ይሄ ነው። የኮመጠጠውን መመለስ አይቻልም። የጠነከረውን ግን ይቻላል፤ ያውም አንድ ጠብታ ሳይደፋ።

ችግሩ ምክሩ ይበዛል። አንዷ «ውሃ ጨምሪበት» ትላለች። ሌላዋ «ውሃ ካገኘማ አለቀለት፣ ይልቅ ስኳር ጣል አድርጊበት» ትላለች። አንዱ ደግሞ «ክፍቱን ይደር፣ ኃይሉ ይተናል» ይላል። ድግሱ ነገ ከሆነ ይሄ ሁሉ ምክር ራስ ያዞራል። ትክክሉ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ነገሩን ያብሱታል። ውሃም ቢሆን ግን መጠን አለው፣ ጊዜ አለው፣ አጨማመርም አለው።

መጀመሪያ ምኑ እንደጠነከረ ይለይ

ጠላ ቀምሶ ፊቱን ያጨማደደ ሰው ሁሉ አልኮል አልቀመሰም። ብዙ ጊዜ የቀመሰው ጌሾ ነው። የጠላ ምሬት ከጌሾ ይመጣል፤ ጌሾይዲን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጌሾ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። በቅጠሉና በእንጨቱ ላይ የሚኖረው እርሾም ጥንስሱ እንዲፈላ ያግዛል። ምሬቱ ግን ወደ አልኮል አይለወጥም። ስለዚህ ጌሾ የበዛበት ጠላ ምላስ ላይ ከብዶ፣ አልኮሉ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። አደገኛው ይሄኛው ነው። ጌሾው ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ሳይታወቅ የሚወርድ ጠላ። ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ሁለት ሦስት ዋንጫ ጠጥቶ ሊነሳ ሲል ነው እግሩ የሚከዳው።

ሦስተኛው መኮምጠጥ ነው። ጠላ ሁልጊዜ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በመፍላቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው። አየር በብዛት ሲገባበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይነሳና አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። ይህም ጉሮሮ ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ይህንን ጥንካሬ ይለዋል። ጠላው ግን እየደከመ፣ እየተበላሸም ነው።

አፍ ላይ መለየት ይቻላል። ምሬት ከተዋጠ በኋላ ምላስ ሥር ይቀራል። ኮምጣጤ ምራቅ ያመነጫል፣ ጥርስን ይነካል፣ ሽታውም ቀድሞ አፍንጫ ይገባል። አልኮል ሙቀት ነው፤ ከጉሮሮ ጀምሮ ወደ ደረት ይወርዳል። ሙቀቱን ካገኛችሁት የምታክሙት እሱን ነው። ምሬቱን ብቻ ካገኛችሁ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ኮምጣጤ ከሆነ ግን ውሃ አያድነውም።

ጥንካሬው ከየት መጣ?

አልኮል የሚመጣው ከስኳር ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ብቅሉ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ቆራርጠው ስኳር ያደርጉታል። እርሾው ስኳሩን ይበላና ግማሽ ያህሉን አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ደግሞ ጋዝ አድርጎ ያወጣዋል። ድፍድፉ የሚንተከተከው በዚህ ጋዝ ነው። የጠላው ጥንካሬ እንግዲህ በአንድ ነገር ይወሰናል፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ምን ያህል ስኳር ደረሰ?

በግምት አንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ይህችን ቁጥር ያዟት። 20 ሊትር በምትይዝ ጀሪካን ውስጥ «ቶሎ እንዲደርስ» ተብሎ 1 ኪሎ ስኳር ቢጨመር፣ ለሊትር 50 ግራም ደረሰ ማለት ነው። እህሉ ከሚሰጠው በላይ 3 በመቶ ገደማ አልኮል ተጨመረ። የቤት ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው መካከል ነው የሚወጣው። 4 በመቶ ይሆን የነበረው ጠላ በአንድ ኪሎ ስኳር 7 ይገባል። እዚያ ላይ ደግሞ ጠጅ ይጀምራል።

ስኳር ሳይነካው ጠላ የሚጠነክርበት ዋናው ምክንያት የውሃ ማነስ ነው። አሠራሩን አስታውሱ። ጌሾው ይጠነሰሳል። ቂጣውና ብቅሉ ይገባሉ። እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የተቆላው ዱቄት፣ ይከተላል። ይህ ሁሉ ወፍሮ በድፍድፍነት ይቆያል። ውሃው በብዛት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ድፍድፉ ራሱ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ጠላ የሚያደርገው ያ የመጨረሻው ውሃ ነው። እዚያ ላይ እጅ ካጠረ፣ ወይም ጋኑ ከእናት ቤት ጋን ካነሰ፣ እህሉ በልኩ ሆኖም ጠላው ይጠነክራል። እናት «ውሃውን እስከ አንገቱ ሙዪው» ያሉት ስለ ራሳቸው ጋን ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ቀስ እያለ የሚፈላ ድፍድፍ ድሬዳዋ ላይ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ሙቀት ስኳር አይጨምርም፤ ስለዚህ ጠላው ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ጥንካሬ አይለውጠውም። የሚለውጠው የሚደርስበትን ቀን ነው። በደጋ ልማድ ቀን የሚቆጥር ሰው ቆላ ላይ ጋኑን ሲከፍት ጠላው ቀድሞት ሄዷል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ አፓርታማም በክረምት ማሞቂያው አጠገብ ቆላ ነው። በከፍተኛ ሙቀት የሚፈላ እርሾ ደግሞ ከባባድ የአልኮል ዓይነቶችን አብዝቶ ስለሚያወጣ፣ ያው 5 በመቶ የሆነ ጠላ ጉሮሮ የሚያቃጥል ይሆናል።

ጊዜም አለ። ጉሽ እያለ፣ ገና ሳይጠራ፣ የተቀመሰ ጠላ ያልተበላ ስኳር አለው። ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል። ሐሙስ «ልኩ ነው» የተባለው ጉሽ ቅዳሜ ልኩን ያልፋል። ብዙ ድግስ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው።

እንዴት ይለካል?

በምላስ መፍረድ ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው። ለሰርግ ወይም ለተዝካር ብዙ ጋን የሚጠምቅ፣ ወይም ውጭ አገር በማያውቀው ዕቃና እርሾ የሚጠምቅ ሰው ግን ቢለካ ይሻለዋል። ሃይድሮሜትር የሚባል የብርጭቆ መለኪያ አለ። ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ፈሳሹ በስኳር ሲወፍር ከፍ ይላል፣ በአልኮል ሲቀጥን ይሰምጣል። ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ያሳያል። አሜሪካና አውሮፓ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ አላቸው።

ቢራ ጠማቂዎች አንዴ ከመፍላቱ በፊት፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ይለኩና ልዩነቱን ያሰላሉ። ጠላ ላይ ይሄ አይሠራም። ጥንስሱ እየፈላ ቂጣ ይጨመርበታል፣ እየፈላ እንኩሮ ይጨመርበታል፤ «ከመፍላቱ በፊት» የሚባል ጊዜ የለውም። ድፍድፉም ወፍራም ስለሆነ መለኪያው ይዋሻል። ለጠላ የሚሆነው ሌላ የቆየ ዘዴ አለ። አልኮሉን እሳት ላይ አፍልቶ ማስወጣትና ከፊትና ከኋላ መለካት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ከጠላው ላይ ወስዳችሁ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት። ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየገለበጣችሁ ጋዙን አስወጡ፤ አረፋው ካለ መለኪያው ተሸክሞ ይንሳፈፋል። ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ጆግ ልክ 500 ሚሊ ሊትር ለኩ። ሃይድሮሜትሩ መስመጥ እንዲችል ጠላውን ወደ ረጅምና ጠባብ ዕቃ አድርጉና አንብቡ። 1.012 አነበባችሁ እንበል። ጻፉት። ከዚያ አንድም ሳታፈሱ ወደ ድስት ገልብጡት፤ ጆጉንና ዕቃውን በትንሽ ውሃ አለቅልቃችሁ ያንንም ጨምሩ። መስኮት ክፈቱ። በመጠነኛ እሳት ግማሽ እስኪቀር ይፍላ። አረፋው እንዳይገነፍል አጠገቡ ቁሙ። ሲቀዘቅዝ ወደ ጆጉ መልሱት፣ ድስቱን በትንሽ ውሃ አለቅልቃችሁ ጨምሩ፣ በንጹህ ውሃ እንደገና እስከ 500 ሙሉት። እንደ መጀመሪያው ዓይነት ሙቀት ላይ ሲደርስ አንብቡ። አሁን 1.023 ካለ ልዩነቱ 11 ነጥብ ነው። ያ የሄደው አልኮል ነው።

ልዩነቱ 4 ነጥብ ከሆነ ጠላው 3 በመቶ ገደማ ነው። 7 ከሆነ 5 በመቶ። 11 ከሆነ 8 በመቶ። 13 ከደረሰ 10 በመቶ ገደማ ሆኗል፤ ያ ጠላ ተብሎ በጣሳ የሚቀዳ ነገር አይደለም።

ውሃው

ጥሩ ጠማቂ ውሃ መጨመር የሚያሳፍረው ነገር የለም። የዓለም ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ራሳቸው ቢራውን መጀመሪያ አጠንክረው ይጠምቁና ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት በውሃ ያቀጥኑታል። በአንድ ጋን ብዙ ቢራ ስለሚያወጣላቸው ነው። ድፍድፍ ይህንን ሲያደርግ ኖሯል። ጠላ ከመጀመሪያውም በመጨረሻ ውሃ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ መጠጥ ነው። የጠነከረው ጠላ ያንን ውሃ በሙሉ አላገኘም፤ እናንተ የቀረበትን ትሰጡታላችሁ።

ሂሳቡ ይህ ነው። አሁን ካለው ጥንካሬ የምትፈልጉትን ቀንሱ። ባለው የጠላ ሊትር አባዙ። በምትፈልጉት ጥንካሬ አካፍሉ። 20 ሊትር ጠላ 8 በመቶ ከሆነና 5 እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ 8 ሲቀነስ 5 ሦስት ነው፤ ሦስት በ20 ስልሳ፤ ስልሳ ለአምስት 12። 12 ሊትር ውሃ ይገባል፣ 32 ሊትር ጠላ ይኖራችኋል። 4 በመቶ ከተፈለገ 20 ሊትር ይገባል፤ ጠላው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንግዳ ለበዛበት ቤት መጥፎ ዜና አይደለም።

መለኪያ የሌለው በብርጭቆ ይሞክር። ፋርማሲ የሚሸጠውን ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ግዙ። ሦስት ብርጭቆ ላይ 100፣ 100 ሚሊ ሊትር ጠላ ቅዱ። አንዱ ላይ 20፣ አንዱ ላይ 40፣ አንዱ ላይ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። ከተቻለ ሌላ ሰው ይቅመስ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው። የተመረጠው 40 ከሆነ ለ20 ሊትር ጠላ 8 ሊትር ውሃ ነው። ቀዝቃዛውን አትቅመሱ፤ ብርድ የአልኮሉን ሙቀት ይደብቃል። ድግሱ ላይ በሚቀዳበት ሙቀት ቅመሱት።

ውሃው ይፍላና በክዳኑ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። «ውሃ ካገኘ ይበላሻል» የሚሉት እናቶች ከባዶ ተነስተው አይደለም። ጠላን ከመበላሸት የሚጠብቁት አልኮሉ፣ ኮምጣጣነቱና ጌሾው ናቸው። ውሃ ሦስቱንም ያላላል። ያልፈላ ውሃ ከሆነ ደግሞ ጀርሙንም ይዞ ይገባል። የፈላ ውሃ አየሩም ስለሚወጣለት ጠላው ቶሎ አይኮመጥጥም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ሲፈላ አብሮ ይሄዳል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ውሃው አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ እሱ ደግሞ በመፍላት በቀላሉ አይወጣም፣ ጠላው ላይም የመድኃኒት ጣዕም ሊተው ይችላል። የታሸገ ውሃ ብትጠቀሙ ይሻላል።

አጨማመሩ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የጠራውን ጠላ ከአተላው ለይታችሁ ወደ ታጠበና ወደ ታጠነ ዕቃ ቅዱት። አተላው ላይ እንዳለ ውሃ ከገባና ከተማሰለ እንደገና ይደፈርሳል፣ ለማጥለልም ሌላ ቀን ይፈልጋል። ውሃውን በዕቃው ጎን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣ ከላይ አታንቦጫርቁት። ካሰላችሁት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ጨምሩና ለጥቂት ሰዓት ተዉት፤ ቅመሱ፤ ቀሪውን እንደ ጣዕሙ ጨምሩ። የገባ ውሃ አይወጣም።

ውሃ ብቻውን አንድ ጉዳት አለው። አልኮሉን ሲያቀጥን የአሻሮውን፣ ማለትም የተቆላውን እህል ሽታ፣ የጌሾውን ምሬትና ቀለሙንም ያቀጥናል። ጌሾው በዝቶ ለነበረ ጠላ ይሄ እሰየው ነው። ጌሾው ልኩን ለነበረ ግን ባዶ ባዶ ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ከውሃ የሚሻል ነገር እዚያው ጋን ውስጥ አለ። ቅራሪ ነው።

የመጀመሪያው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በቀረው ድፍድፍ ላይ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ሙሉበት፤ አማስሉት፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ። የሚወጣው ቅራሪ ቀጭን ነው፤ ግን ጌሾም፣ አሻሮም፣ ብቅልም አለበት። ይህንን ከጠንካራው ጠላ ጋር ማደባለቅ ነው። 10 ሊትር ባለ 8 በመቶ ጠላ ከ10 ሊትር ባለ 2 በመቶ ቅራሪ ጋር ሲገናኝ 20 ሊትር ባለ 5 በመቶ ጠላ ይሆናል። ጣዕሙ የጠላ ጣዕም ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቀን ካላችሁ ውሃውን ትታችሁ ይህንን አድርጉ። እኔ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ ቅራሪን ለልጅና ለሠራተኛ የሚተርፍ አድርገን እንተወዋለን። ጠላን የሚያስተካክል ግን ከሱ የተሻለ የለም።

ጋኑ ገና በድፍድፍነት ላይ ሳለ፣ የመጨረሻው ውሃ ሳይገባ፣ ነገሩ ከታወቀ ደግሞ ምንም ሥራ የለም። የሚገባውን ውሃ ማብዛት ብቻ ነው።

የሚያብሱት

ስኳርና ማር ጥንካሬውን ምላስ ላይ ይሸፍኑታል። እርሾው ግን ጠላው ውስጥ ሕያው ነው። ማታ የገባለትን ስኳር ሲበላ ያድራል። ጠዋት ጣፋጩ የለም፣ አልኮሉ ጨምሯል። በጠላ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ሰውም አብዝቶ ይጠጣዋል።

ክፍቱን ማሳደር አልኮሉን አያተንነውም። አልኮል ከጋን ውስጥ በአንድ ሌሊት እንዲህ በቀላሉ አይሄድም። የሚገባው አየር ነው፤ አየሩ ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል።

ጠላውን በሙሉ ማፍላት በእርግጥ አልኮሉን ይቀንሳል። ለመለኪያ ያወጣነው ግማሽ ሊትር ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የተረፈውን ብትቀምሱት ግን ለምን ለድግስ እንደማይሆን ይገባችኋል። ሽታው ሄዷል፣ ምሬቱ ተጠራቅሟል፣ ጋዙ የለም።

ፍሪዘርም ያታልላል። ጠላ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ውሃው ነው። ግማሹ በረዶ ሆኖ ከተቀዳ ብርጭቆ ውስጥ የሚወርደው ከበፊቱ የጠነከረው ነው።

አየር በማያስወጣ ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ደግሞ ከጣዕም ያለፈ አደጋ አለው። ጠላው ገና ስኳር ካለው ጋዙ መሄጃ ያጣል። ብርጭቆ ጠርሙስ ሲፈነዳ ዓይን ያጠፋል። ክዳኑ ላላ ይበል።

«በቃ አረቄ ይውጣበት» የሚሉም አሉ። ያ ሌላ ሙያ ነው። እሳት አለበት፣ ሕግም አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ቢራ ለራስ ፍጆታ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ ተፈቅዷል፤ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን፣ ለሽያጭ ግን አይሆንም። ፈቃዱ አረቄ ማውጣትን አይጨምርም። ሳዑዲና ኩዌት ላሉ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። እዚያ ቀጭኑም ወፍራሙም ያው ነው፤ ቤት ውስጥ መጥመቅ ራሱ እስርና መባረር ያመጣል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ዓይን ያጠፋል የሚባለው ሜታኖል ነው። ከእህል በተጠመቀ ጠላ ውስጥ ሜታኖል ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው፤ ጠላ ስለጠነከረ ሜታኖል በዛበት ማለት አይደለም። ሰው የሚጎዳበት ሜታኖል በአብዛኛው የሚመጣው ከተበከለ ወይም ባዕድ ነገር ከተጨመረበት አረቄ ነው። ጠንካራ ጠላ የሚጎዳው በራሱ አልኮል ብዛት ነው፤ እሱም ይበቃል።

ጊዜ ከሌለ

እንግዳው በር ላይ ከሆነና ጠላው ከጠነከረ፣ ብርጭቆው ላይ ማቅጠን ይቻላል። አምቦ ውሃ ጋዝ ስላለው ጠላውን ሕይወት ይሰጠዋል። ቀሪቦ ካለ ደግሞ የተቆላው የገብስ ቀለምና ሽታ ስላለው ጠላው የቀጠነ አይመስልም። ቀሪቦውን ግን ብርጭቆ ላይ እንጂ ጋኑ ውስጥ አትጨምሩት፤ ስኳር አለበት።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ውስጥ ባለ 3 በመቶ ጠላ ካለ 12 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለው። ይህ ከአንድ 330 ሚሊ ሊትር የፋብሪካ ቢራ ጋር ተቀራራቢ ነው። በዚያው ጣሳ ባለ 8 በመቶ ከተቀዳ 32 ግራም ነው። ወደ ሁለት ቢራ ተኩል። ዕቃው ያው፣ ቀለሙ ያው፣ እጁ የለመደው ያው ነው። ሁለት ጣሳ የጠጣ ሰው አምስት ቢራ ገደማ ጠጥቷል፣ ራሱን ግን ሁለት የጠጣ አድርጎ ይቆጥራል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ቡና አያፈጥነውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብም አያፈጥነውም።

በእኛ ዘንድ የሚቀዳው ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል። ደግ ልማድ ነው፤ ንጹሕነቱን ያረጋግጣል። ጥንካሬውን ግን አይናገርም። አልኮል ጉልበቱ የሚሰማው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ምግብ ካለ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ጠላ የሚቀዳው ሰው አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። «አባባ፣ የዛሬው ጠንከር ያለ ነው፤ ቀስ ብለው ይጠጡ።» ትንሽ ዋንጫ ይቅረብ። እንጀራው ይቅደም። «በሞቴ» እያሉ መደጋገሙ የዚያን ቀን ይቅር። መኪና የያዘ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት የጀመረ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው «አይ» ካለ አንዴ ይበቃል፤ ምክንያቱን በሰው ፊት እንዲያስረዳ አይጠየቅ። ልጆች ከዚህ ጋን አይቅመሱ፣ በዓልም ቢሆን።

የቀጠነው ጠላ ብዙ አይቆይም። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ተከድኖ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይጠጣ። አተላው ለከብት ከሚሄድ ሰው ቤት ከሆነ ይሂድ፤ ግን ከጠንካራ ጠላ የወጣ አተላ ራሱም አልኮል ይዟልና በትንሽ በትንሹ ከሌላ መኖ ጋር ይሰጥ።

ጋኑ ከመታጠቡ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስንት ኪሎ ብቅል፣ ስንት ኪሎ እህል፣ ስንት ሊትር ውሃ፣ ስንት ቀን፣ ቤቱ ሞቃት ነበር ወይስ ቀዝቃዛ። ለማስተካከል ስንት ሊትር ውሃ እንደገባም ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ሊትር በመጨረሻው ውሃ ላይ ደምሩት። ጋኑ ካልያዘ ከብቅሉም ከእንኩሮውም በተመሳሳይ መጠን ቀንሱ፤ ጌሾውንም በዚያው ልክ።